ፈረስና የፈረሰ ግንብ

አንድ እግር ብቻ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ግራጫ ጨርቅ ላይ፣ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ ጥቁር ብረት ተኝቷል። ከመታጠፊያው ኋላ አጭር አንገት ወጥቶ ጫፉ ላይ ስድስት ጥርስ ያላት ኮከብ መሰል ጎማ ይዟል። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት ቃል አታባክንም፦ መኮልኮያ፣ ብረት፣ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከግንብ ፍርስራሽ። ፈረሰኛው ተረከዙ ላይ አስሮ የፈረሱን ጎን የሚነካበት ዕቃ ነው።

ዓይኔን የያዘው ግን የጎደለው ነው። መኮልኮያ እንደ ጫማ በጥንድ ይሠራል፣ በጥንድ ይታሰራል። ሌላኛው እግር የት ደረሰ? ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሙዚየሞችም ሆነ በቁፋሮ ዘገባዎች ሥዕል ላይ የማየው ያንኑ ነው፤ ከቦዩ ውስጥ አንድ፣ ከበሩ ደጃፍ አንድ፣ ከቆሻሻ ጉድጓድ አንድ። እርካቡም ነጠላ ነው፣ ልጓሙም ግማሽ። መጀመሪያ የቆፋሪዎቹ ጉድለት መሰለኝ። ነገሩን እየተከታተልኩ ስሄድ ግን መልሱ በዕቃው ላይና በግንቡ አሟሟት ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ ተረዳሁ። እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግንቡ እንዴት ፈረሰ?

ከፈረሰ ግንብ የወጣ የፈረስ ዕቃ ሲያጋጥመኝ አሁን የማስቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። የዕቃው ዕድሜ፣ የባለቤቱ ማዕረግ፣ የአሠራሩ ጥበብ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም መሬት ውስጥ የሚቀረውን የሚመርጠው ግንቡ የሞተበት መንገድ ነው።

ሞንፎርን ውሰዱ። በላይኛው ገሊላ፣ ከናሃል ክዚቭ ሸለቆ በላይ በቀጭን የተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የቴውቶን መስቀል ጦረኞች፣ ማለትም የጀርመን መነኮሳት ፈረሰኞች ማኅበር፣ ግንብ ነው። ግንባታው በ1220ዎቹ ተጀመረ፤ በጁን 1271 የግብፁ ማምሉክ ሱልጣን ባይባርስ ከቦ ያዘው። ተከላካዮቹ እጅ ሰጥተው በባሕሩ ዳር ወዳለችው የመስቀል ጦረኞች ከተማ ወደ አካ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፣ ግንቡም ተናደ። በ1926 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እዚያ ቁፋሮ አካሄደ። ከጀርባው የነበረው የጦር መሣሪያና የጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) ክፍል ኃላፊው ባሽፎርድ ዲን ነበር፤ ተስፋውም የመስቀል ጦረኞችን ጥሩር ማግኘት ነበር። የቀስት ጫፎች፣ የእንጨትና የብረት ቁርጥራጮች፣ የተቀረጹ ድንጋዮች ተገኙ፤ የተመኙት ጥሩር ግን አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል እንዲህ ነው። በስምምነት ከተለቀቀ ግንብ ዋጋ ያለው ነገር ወይ ከሚወጡት ጋር ይወጣል፣ ወይ በሚገቡት እጅ ይገባል። ልጓምና ኮርቻን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም።

ማዴልን የሚባለው ትንሽ ግንብ የሞተው በሌላ መንገድ ነው። በስዊዘርላንድ፣ ከባዝል ከተማ ወጣ ብላ ካለችው ፕራተልን በላይ በኮረብታ ላይ ነበር። ኦክቶበር 18 ቀን 1356 ባዝልን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአካባቢው የነበሩ በርካታ ግንቦችን ሲጥል ማዴልንም አብሮ ወደቀ። እዚያ ማንም አልከበበም፣ ማንም ጓዙን አልሸከፈም። ከፍርስራሹ ሥር ሁለት ሙሉ የራስ ቁር ወጥቷል፤ ፊትን ጭምር የሚሸፍነው፣ እንደ ድስት የሚደፋው ዓይነት። ሰው በሕይወት እያለ እንዲህ ያለ ዕቃ ጥሎ አይሄድም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚገኝ የፈረስ ዕቃ በዚያች ማታ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የነበረ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉውን የማግኘት ዕድልም የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በጀርመን ሄሰን፣ ከዜሃይም አጠገብ ያለው ታነንቤርግ ነው። በ1399 የመሳፍንትና የከተሞች ኅብረት ከቦ ደመሰሰው፤ ፍራንክፈርት ያመጣችው ትልቅ መድፍም እዚያ ነበር። ግንቡ ዳግም አልተሠራም። በ1849 ሲቆፈር 32 ሳንቲሜትር የምትረዝም የነሐስ የእጅ መድፍ ወጣችና ስሙን በዓለም አስጠራችው፤ ስለ ጠመንጃ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሳታል። ከእሷ ጋር የወጡት መኮልኮያዎች ያን ያህል አልተወራላቸውም። ለፈረስ ዕቃ አጥኚ ግን ትልቅ ነገር ናቸው፤ ከ1399 በኋላ ግንቡ ውስጥ የሚኖር ሰው ስላልነበረ፣ ከውድመቱ ንብርብር በታች የተገኘ መኮልኮያ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሊሆን አይችልም። አንድ እንዲህ ዓይነት ቋሚ ዓመት በመቶ የሚቆጠሩ ቀን አልባ መኮልኮያዎችን ለማሰለፍ ይረዳል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍርስራሽ ባዶ አይቀርም። እረኛ ይጠለልበታል፣ አዳኝ ፈረሱን ያስርበታል፣ የመንደር ሰው ለቤቱ ድንጋይ ይጭንበታል። ከላይኛው አፈር የተገኘ የፈረስ ጫማ ድንጋይ ጫኙ ፈረስ ከግንቡ ውድቀት ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የጣለው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዕቃው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልተመዘገበ ቀኑን መናገር የሚከብደው።

ብዙዎቹ ግንቦች ግን በአንድ ቀን አልሞቱም። ባለቤቱ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ጣሪያው ማፍሰስ ይጀምራል፣ የጋጣው በር ተነቅሎ ለሌላ ቤት ይውላል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ ፈረሱም ጌታውን ይዞ ሲወጣ ዕቃውን ሁሉ ጀርባው ላይ ጭኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ ግንብ ለቆፋሪው የሚቀሩለት ሁለት ዓይነት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የተሰበረና የጠፋ። ነጠላው መኮልኮያ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ተረከዝ ላይ ያለው

መኮልኮያ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ክፍል ይናገራል። ተረከዙን ከሁለት ጎን የሚያቅፉ ሁለት ክንዶች አሉት። ከኋላ አንገት ይወጣል፣ የአንገቱ ጫፍ ወይ ሹል እሾህ ነው ወይ የምትዞር ጥርሳም ጎማ። የክንዶቹ ጫፎች ደግሞ ጠፍር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ናቸው።

ዘመኑን ለመገመት መጀመሪያ ክንዶቹን ከጎን ማየት ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ክንዶቹ በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ናቸው። ከ12ኛው ጀምሮ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ሥር ለማለፍ ወደ ታች እየጎበጡ ይሄዳሉ፤ ቀጥ ያለ ብረት አጥንቱን ሲፈገፍግ ምን እንደሚያደርግ ረጅም መንገድ የተጓዘ ፈረሰኛ ያውቃል። ቀጥሎ ጫፉ ይታያል። እሾኹ ለረጅም ዘመን ብቻውን ነግሦ ቆየ። ጎማዋ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ ብላ በ14ኛው አጋማሽ ቦታውን ወሰደችበት። ምክንያቱ አይገርምም። እሾህ በግልቢያ መሐል እግር ሳት ካለ ቆዳ ይበሳል፤ የምትዞር ጎማ ግን በጎኑ ላይ ተንከባልላ ታልፋለች። ፈረሱ ይነቃል፣ ቁስሉ ግን ይቀንሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አንገቱ በጣም ይረዝማል። የጦር ኮርቻ ፈረሰኛውን ከፍ አድርጎ እግሩን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንዲዘረጋ ስለሚያደርገው ተረከዙ ከፈረሱ ጎን ይርቃል፤ ርቀቱን የሚሞላው አንገቱ ነው።

ጎማዋ ላይ የሚበላሸው የመዞሪያዋ ዘንግ ነው። ዘንጉ የክር ያህል ቀጭን ብረት ነው፤ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት ቀዳዳውን እያሰፋ ጎማዋ ትዋልላለች፣ በመጨረሻም ዘንጉ ተበጥሶ ትወድቃለች። ስለዚህ አንገቱ ሹካ መስሎ ባዶ የቀረ መኮልኮያ የተለመደ ነው። ጎማዋ ብቻዋን ስትገኝ ደግሞ የልብስ ጌጥ ወይም የሰዓት ጥርስ እየመሰለች የምትታለፍበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ጠፍሩ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ በእግሩ ጀርባ ላይ ያልፋል፣ በዘለበትም ይታሰራል። ሌላው በውስጥ እግር ሥር ያልፋል። ይህ የታችኛው ጠፍር ያለበትን መከራ አስቡት። ፈረሰኛው ፈረስ ላይ ሲሆን በጫማውና በእርካቡ ብረት መካከል ይፈጫል። ሲወርድ በጋጣው እበትና ሽንት ይነክራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በድንጋይ ደረጃ ላይ ይፈገፈጋል። የላይኛው ጠፍር ገና አዲስ ሳለ የታችኛው ያልቃል። ሲበጠስ ደግሞ መኮልኮያው ወዲያው አይወድቅም፤ በላይኛው ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይቆይና ሰውየው ልብ ሳይል ይቀራል። ሁለቱም እግሮች ላይ በአንድ ቀን የሚበጠስበት ዕድል ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ነጠላነቱ ከዚህ ይመጣል።

ይህን ካወቅን ሌላም ነገር እንረዳለን። ጥንድ መኮልኮያ ሲገኝ የጠፋ ዕቃ ላይሆን ይችላል። ሰው ሆን ብሎ ያስቀመጠው፣ የቀበረው ወይም የወሰደው ነው። የዚህ ትልቁ ምሳሌ በዛሬዋ ቤልጅየም ያለችው ኮርትራይክ ናት። ጁላይ 11 ቀን 1302 የፍላንደርስ እግረኞች የፈረንሳይን ፈረሰኞች ከደመሰሱ በኋላ በወርቅ የተለበጡትን መኮልኮያዎች ከሞቱት እግር ፈትተው በከተማዋ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሰቀሏቸው፤ ፈረንሳዮች በ1382 ሲመለሱ አወረዷቸው። ጦርነቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእነዚያ የወርቅ መኮልኮያዎች ስም ነው። ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ግን ወርቅ የሚጠብቅ ይቸገራል። አብዛኛው ተራ ብረት ነው፤ ቲን በሚባለው ነጭ ማዕድን በስሱ ተለብጦ ብር እንዲመስልና እንዳይዝግ የተደረገም ብዙ ነው።

የሚስማሩ ምስክርነት

ሰው ሁሉ መኮልኮያውን ያያል፤ እኔ ግን ከፈረስ ዕቃ ሁሉ በላይ የማከብረው ሚስማሩን ነው። ስለ አንድ ግንብ የዕለት ኑሮ እንደ እሱ የሚናገር ዕቃ አላየሁም።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ግንብ 40 ፈረሶች አሉ እንበል፤ አራቱም እግራቸው የብረት ጫማ ተደርጎለታል እንበል። የጥንቱ ጫማ በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ሚስማር ይወስዳል። 40 በ4፣ በ6 ሲባዛ 960 ሚስማር ነው። ሰኮና ያድጋል፤ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ጫማው ተነቅሎ ሰኮናው መከርከም አለበት። ጫማው ካላለቀ ተመልሶ ይመታል፤ ሚስማሩ ግን በአብዛኛው አዲስ ነው። በዓመት ሰባት ጊዜ ቢደረግ ከ6,700 በላይ ሚስማር ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የሆነ ቦታ ይወድቃሉ።

የወደቁበት ቦታ ደግሞ ሥራውን ያሳያል። ቀጥቃጩ ሚስማሩን በጫማው ቀዳዳ አድርጎ ወደ ሰኮናው ግድግዳ ይመታዋል። የሚስማሩ ጫፍ በአንድ ጎኑ ስለተሞረደ ወደ ውጭ እየጎበጠ ሄዶ በሰኮናው ጎን ብቅ ይላል። ሙርዱ በተቃራኒው ከዞረ ሚስማሩ ወደ ውስጥ ይገባና ሥጋ ይነካል፤ ፈረሱ በማግስቱ ያነክሳል፣ ሲብስም ይመግላል። ጫፉ ብቅ ሲል ቀጥቃጩ በጉጠት ጠምዝዞ ይቆርጠዋል፣ የቀረውን አጥፎ ሰኮናው ላይ ይደፋዋል። እንግዲህ ከመሬት የወጣው ሚስማር ቀጥ ያለና ሹል ከሆነ ገና አልተመታም፤ ከቀጥቃጩ ከረጢት የወደቀ ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ፈረስ እግር ላይ ቆይቶ የወጣ ነው። ከአንድ ሳንቲሜትር የማይበልጡ የተቆረጡ ጫፎች በአንድ ጥግ ተከማችተው ከተገኙ ደግሞ ፈረስ ጫማ የሚመታበት ቦታ እዚያ ነበር ማለት ነው፤ የጋጣው ግድግዳ እንኳ ባይተርፍ። ቁፋሮው አፈሩን ካላበጠረ ግን እነዚያ ጫፎች ከአፈር ጋር ተጥለው ይቀራሉ፤ የድሮዎቹ ቁፋሮዎች ትልቁ ጥፋትም ይህ ነው።

ሚስማሩ ዘመኑንም ይናገራል። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሚስማሩ ራስ ከጎን ሲታይ ግማሽ ክብ የሆነ፣ ስስ፣ የክራር መቃኛ የሚመስል ነው። ከጫማው በላይ ቆሞ ይታያል፤ መሬትን እየቆነጠጠ እንዳያንሸራትት ያግዛል፣ በዚያው ልክም ቶሎ ያልቃል። የዚያ ዘመን ጫማ ራሱ ስስ ነው፤ ለሚስማሩ ራስ ሞላላ ጉድጓድ ሲመታበት ብረቱ ወደ ውጭ ያብጥና የውጭ ጠርዙ ማዕበል ይመስላል። ሠሪው ያንን ማዕበል ለውበት አላደረገውም፤ ብረቱ ስስ ስለሆነ የመጣ ነው። በኋላ ጫማው እየሰፋና እየከበደ ሲሄድ ማዕበሉ ጠፋ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳዳዎቹ አራት ማዕዘን ሆነው ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ የሚስማሩም ራስ እንደ ሽብልቅ ተሠርቶ ቀዳዳው ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ሚስማር ጫማው ቢያልቅም አብሮ እያለቀ ይይዛል።

የፈረስ ጫማ ሲገኝ ብዙ ሰው ቅርጹን ብቻ አይቶ ያስቀምጠዋል። ጣቱን በጠርዙ ላይ ቢያስኬድ ፊት ለፊቱ ከጎኖቹ ይልቅ ሳስቶ ያገኘዋል፤ ፈረስ መሬት ሲለቅ የሚገፋው በፊተኛው ጫፍ ነው። አንዱ ጎን ብቻ ካለቀ እንስሳው እግሩን አጣምሞ ይረግጥ ነበር፣ ወይም ከርካሚው ሰኮናውን አዛብቶ ከርክሞታል። ግማሽ ጫማ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው በፊተኛው መታጠፊያ ወይም በሚስማር ቀዳዳ ላይ ነው፤ ብረቱ የሳሳው እዚያ ስለሆነ።

አፍ ውስጥ፣ እግር ሥር

ስለ ልጓምና እርካብ ባጭሩ ልበል። ሁለቱም ቃላት ዘራቸው ሩቅ ነው፤ እርካብ የዐረብኛው ሪካብ፣ ልጓምም የሊጃም ዘመድ ነው። ዕቃው በተጓዘበት መንገድ ስሙም ተጉዟል።

እርካብ ከግንብ ፍርስራሽ ብዙ አይወጣም። ብዙ ብረት ያለበት ዕቃ ስለሆነ ሲሰበር ቀጥቃጩ አግሎ ለሌላ ሥራ ይቀጠቅጠዋል። የአውሮፓው እርካብ ጫማ ያደረገ እግር፣ በኋላም የብረት ጫማ ያጠለቀ እግር እንዲገባበት ሰፊ መርገጫ አለው። በአውራ ጣት ብቻ የሚረገጠውን የእኛን አገር ጥንታዊ እርካብ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን በአንድ እይታ ይረዳዋል፤ የእርካብ ስፋት የእግር አለባበስ መለኪያ ነው። መመርመር ያለበት የላይኛው ቀዳዳ ነው፤ ጠፍሩ የሚያልፍበት። ጠፍሩ ብረቱን በአንድ ወገን በልቶት ከሆነ ክብደቱ የሚያጋድልበትን አቅጣጫ ያሳያል።

የልጓም ዋናው ነገር አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው። ቀላሉ ዓይነት መሐሉ ላይ በሁለት ዓይን የተያያዙ ሁለት አጫጭር ብረቶች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ዛብ የሚታሰርባቸው ቀለበቶች አሉት። የሚያልቀው መሐሉ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ዓመታት ሙሉ እርስ በርስ ሲፋጩ ይሳሳሉ፣ አንድ ቀን ፈረሱ ጭንቅላቱን ሲወረውር ይበጠሳሉ። ከግንብ የሚወጣው ግማሽ ልጓም አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ከበድ ያለው ዓይነት ደግሞ ከአፉ ግራና ቀኝ ረጃጅም ክንዶች አሉት፣ ከአገጭ ሥር ሰንሰለት ያልፋል። ይህ ማንሻ ነው። ከአፉ ብረት በላይ ያለው ክንድ 5 ሳንቲሜትር፣ በታች ያለው 15 ሳንቲሜትር ቢሆን ፈረሰኛው በዛቡ የሳበው ኃይል አገጩ ላይ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይደርሳል። አንድ እጁ ጦር፣ ጋሻው ክንዱ ላይ የሆነ ሰው ዛቡን በጣት ጫፍ መግዛት ስላለበት ነው እንዲህ ያለው ልጓም ያስፈለገው። ባልሠለጠነ እጅ ግን አፍ ይሰብራል።

የአፉ ብረት ስፋት ሌላም ነገር ይነግራል፤ የፈረሱን መጠን። ዛሬ ለመካከለኛ ፈረስ የሚያገለግለው 12.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከግንብ የወጡትን ሲለኩ ከዚያ የሚጠቡ ይበዛሉ። ብዙ ሰው የመካከለኛውን ዘመን የጦር ፈረስ እንደ ጋሪ ጎታች ግዙፍ አድርጎ ያስበዋል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ከ171 ቦታዎች የተሰበሰቡ፣ ከ300 እስከ 1650 ያሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ የፈረስ አጥንቶችን መርምሮ አብዛኞቹ ትከሻቸው ላይ ከ1 ሜትር ከ48 በታች እንደነበሩ አሳይቷል። እንግሊዝን ከ1066 ጀምሮ ከገዙት ከኖርማኖች ዘመን ትልቁ የተገኘው በትሮውብሪጅ ግንብ ሲሆን 1 ሜትር ከ52 ገደማ ነበር። ጠባቧ ልጓምና ትንሿ የፈረስ ጫማ አጥንቱ ከመለካቱ በፊት ይህንን ሲሉ ነበር።

ኮርቻው ግን የለም። እንጨት፣ ቆዳ፣ ጨርቅና ሣር ነው፤ አፈር ይበላዋል። ከዚያ ዘመን በሙሉ አካሉ የምናውቀው ኮርቻ አፈር ያልነካው ነው፤ እንደ ዌስትሚኒስተሩ የንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ኮርቻ፣ በ1422 ከቀብሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀረው። ከግንብ ፍርስራሽ የሚደርሰን የኮርቻው ሚስማር፣ የደረት ጠፍሩ ዘለበት፣ ከጭራው ሥር የሚያልፈው የወዴላው ቀለበት ነው። ውሃ የማይለቀው ቦይ ካለ ብቻ ቆዳውም ይተርፋል።

ራጁ

ወደ ነጠላው መኮልኮያ የመለሰኝ አንድ ራጅ ነው። ሌላ መኮልኮያ ነበር፤ ገና ያልተጸዳ። በዓይን ሲታይ ድንጋይ፣ አፈርና ዝገት የተላቆጠበት፣ የድንች ቅርጽ ያለው እብጠት ነው። ቢጥሉት አይፈረድባቸውም። ራጁ ብርሃን ላይ ሲያዝ ግን ከድንቹ ውስጥ ዕቃው ተነሣ። ሁለቱ ክንዶች፣ አንገቱ፣ ጎማዋ ከነጥርሷ። በክንዶቹ ጠርዝ ላይ ከሌላው ይልቅ የነጣች ቀጭን መስመር ትሄዳለች፤ ቲን ነው፣ ከብረቱ ይልቅ ራጁን ስለሚከለክል ደምቆ ይወጣል። በአንደኛው ክንድ ጫፍ ላይ ዘለበቱ እንዳለ አለ፤ ምላሱም ተዘግቶ።

ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ያልነቀልኩት ከዘለበቱ ላይ ነው። ምላሱ ተዘግቷል ማለት ሰው አልፈታውም ማለት ነው። የላይኛው ጠፍር ታስሮ ነበር። የታችኛው ጠፍር የሚያያዝባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከዘለበቱ አጠገብ ባለው ዝገት ውስጥ የቆዳው መዋቅር ቀርቷል፤ ቆዳው ራሱ የለም፣ የዝገቱ ብረት ገብቶበት ቅርጹን ይዞ ደንድኗል። በታችኞቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ ግን ምንም የለም። መሬት ውስጥ ሲገባ ያ ጠፍር ቀድሞ ሄዷል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረብኝ። እስከዚያ ድረስ የምጠይቀው ስለጎደለው እግር ነበር፤ ለካ ለባለቤቱ የጎደለው ይኸኛው ነበር። ሰውየው አንድ መኮልኮያ አስሮ ወደ ቤቱ ገብቷል። ያኛው፣ ያልጠፋው፣ ምናልባት ለአዲስ ጥንድ ተጓዳኝ ሆኗል፣ ምናልባትም ቀጥቃጩ ሚስማር አድርጎታል።

ያ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠፋ ነበር። የቆዳው ምልክት ያለው ዝገቱ ውስጥ ነው፤ የቲኑ ልባጭም ከብረቱ ተላቆ ዝገቱ ላይ የተንሳፈፈ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ፣ ቀጥሎ በማይክሮስኮፕ ሥር እጅግ በላመ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት እየነፉ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ብዙ ሰው በደግ ልብ የሚያደርገው ስህተት ዕቃውን ሆምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ንጹሕ የሚመስል ቀጭን ብረት ይወጣል፣ ታሪኩ ግን ሳፋው ውስጥ ቀርቷል። ዘይት መቀባትም አይረዳም፤ ጨው ውስጡ እያለ ከላይ መድፈን ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ የተጣደፈ ጽዳት ዕቃውን ያሳጥራል።

ጨውን ካነሳሁ፦ መሬት ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ ብረት ከአፈሩ ክሎራይድ ጠጥቷል። አየርና እርጥበት ሲያገኝ ከስንጥቁ ቢጫ ጠብታ ያነባል፣ ከዚያም እንደ ሽንኩርት ቅርፊት በቅርፊት ይላላጣል። የሚያድነው ድርቀት ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሲሆን ይህ ዝገት ይቆማል፤ እስከ 20 ድረስ በጣም ይዘገያል። አሠራሩ ውድ አይደለም፤ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ቀዳዳ ያለው ከረጢት፣ ቢያንስ የብረቱን ክብደት ያህል እርጥበት የሚመጥ ደረቅ ሲሊካ ጄል፣ ቀለሟን የምትቀይር የእርጥበት መለኪያ ወረቀት። ጄሉ ቀለም ሲቀይር ምድጃ ውስጥ አድርቆ መመለስ ነው። ችግሩ የሚመጣው እውነተኛ ቆዳ ከብረቱ ጋር ሲገኝ ነው። ከቦይ የወጣ ቆዳ ከደረቀ ይኮማተርና ይሰበራል፣ ብረቱ ደግሞ እርጥብ ከቆየ ይበሰብሳል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲወጡ በእርጥቡ እንዳሉ በፍጥነት ለባለሙያ ማድረስ ብቻ ነው መፍትሔው።

እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች በናሃል ክዚቭ የእግር ጉዞ ስታደርጉ የሞንፎርን ፍርስራሽ ከበላያችሁ ታያላችሁ። በመንገዱ ዳር የታጠፈ ጫፍ ያለው ዝገታም ሚስማር ካያችሁ አታንሱት። በአገሪቱ የ1978 የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ቅርስ ነው፤ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ፣ ከአጠገቡ ለመጠን ሳንቲም አስቀምጦ፣ ቦታውን በስልክ ካርታ ላይ መዝግቦ መላክ ይበቃል። የሚስማሩ ግማሽ ዋጋ የወደቀበት ቦታ ነው።

በራጁ ላይ የታየው ዘለበት አንድ የመጨረሻ ነገር አሳወቀኝ። ዘለበት የሚታሰረው በውጭ በኩል ነው፤ በውስጥ ቢሆን ከፈረሱ ጎን ጋር ይፋጫል። ራጁን አዙሬ ጎማዋን ወደ እኔ፣ ዘለበቱን ወደ ግራ አደረግሁት። የግራ እግር ነው።